«ፍሪጅ» የማን ቋንቋ ነው?

ቅዳሜ ከሰርግ ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ ሆዴ አልበረደልኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ረጅም ነው፣ የቸኮለ ይለፈው።

የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር፣ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ። ከማለዳ ጀምረን ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስንከትፍ አንዷ «ይሄ ለስላሳ የት ይግባ?» አለች። «ባራድ ውስጥ አስገቢው» አልኳት። አስቤ አይደለም፣ ከአፌ ወጣ። ሳቁ ጣራ ነካ። «ባራድ! በሉ አረቧ ተነሳችባት!» አለች አንዷ። «ፍሪጅ ማለት ጠፍቷት ነው እኮ!» አለች ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስሜ «ባራድ» ሆኖ ዋለ። ልጆቹ ሳይቀሩ ያዙት።

ሳሎን ደግሞ ከአሜሪካ የመጣው ዘመዳችን ተቀምጧል። «ሶ» ብሎ ይጀምራል፣ «ዩ ኖው» ብሎ ይጨርሳል፤ አንዳንዴ አማርኛው ጠፍቶበት ጣቱን ያጮሃል። ማንም አልሳቀም። ዙሪያውን ከበው አፍ አፉን ነው የሚያዩት። የጠፋበትን ቃል የሚያቀብለው ብዙ ነው። እሱን አልወቅስም። እሱም ሰው አገር ሌሊት እየሠራ አፉ ላይ የቀረበት ቋንቋ ነው። ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። ፍሪጅ የማን ቋንቋ ነው? አማርኛ ነው እንዴ? እንግሊዝኛ ሲሆን መሰልጠን፣ አረብኛ ሲሆን መሳቂያ የሆነው በማን ሕግ ነው?

እኔ በ2005 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ሊባኖስ፣ ቤይሩት ስሄድ 19 ዓመቴ ነበር። ቤታችን ውስጥ እንኳን ፍሪጅ፣ መብራቱም አንድ ቀን ይመጣል አንድ ቀን ይጠፋል። ያን ዕቃ ቀርቤ የነካሁት፣ የወለወልኩት፣ በሩን ከፍቼ ዘግቼ የለመድኩት አሠሪዬ ማዳም ቤት ነው። «ባራድ» አሉኝ፣ ባራድ አልኩ። የልብስ ማጠቢያውን «ገሳሌ» አሉኝ፣ ገሳሌ አልኩ። በአማርኛ የማውቀውን ቃል ጥዬ የአረብን አላነሳሁም፤ መጀመሪያም በአማርኛ የማውቀው አልነበረኝም። ዛሬ እናቴ ቤት ያለው ፍሪጅ የተገዛው በዚያው ባራድ ወልዋይነት በላኩት ሃዋላ ነው። ሃዋላ ራሱ አረብኛ ነው። ሱቅም አረብኛ ነው። ቡና የምትጠጡበት ፍንጃልም አረብኛ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሲያዝን «አብሽር» የማይል ማን አለ? መንዙማ ላይ አረብኛና አማርኛ ተቀላቅሎ ሲመጣ አንገታችንን እየነቀነቅን እንባ የሚመጣብን እኛው አይደለንም? ሼሁ ሲሉት ያምራል፣ እኔ ስለው ምን ሆኖ ነው የሚያስቀው?

ቋንቋ እንዴት ከአፍ እንደሚወጣ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እረፍት የሚባል አልነበረኝም። ፓስፖርቴ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ስልክ በወር አንዴ፣ እሱም አጠገቤ ቆመው ደቂቃ እየቆጠሩ። የ40 ቀን ሕፃን ነበር የሰጡኝ። አዝዬ «እሹሩሩ» እለው ነበር፤ በአማርኛ የማወራው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሲያድግ እጁን ዘርግቶ «ነይ» አለኝ። ከዚያ «ውሃ» አለ። በደስታ አለቀስኩ። ማዳም ሰማች። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ቋንቋ እንዳታናግሪው ተባልኩ። ከዚያ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ለራሴ አወራ ነበር። ወሬ ሲያልቅብኝ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልኩ ወር እቆጥራለሁ። ጳጉሜን ስደርስ እንደገና ከመስከረም።

የተማርነው አረብኛም አረብኛ አይደለም፤ የትእዛዝ ቋንቋ ነው። ተዓይ፣ ሩሂ፣ ጂቢ፣ ነድፊ። ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ፣ አጽጂ። ማዳም ለእኛ በሴት ስለምትናገር ወንዱንም በሴት ነው የምናናግረው፤ ባለሱቁ ይስቅብናል። እሁድ ሲፈቀድልኝ ዶራ እሄዳለሁ፣ በርበሬና እንጀራ የሚሸጥበት፣ የአበሻ ልጆች የሚገናኙበት ሰፈር ነው። ከኦሮሞዋ፣ ከወላይታዋ፣ ከጎንደሬዋ ጋር ቁጭ ብለን «ማዳም ዛላኔ ናት»፣ «ሹግል በዛብኝ» ስንባባል እንውላለን። መናደዷን፣ የሥራ ብዛቱን በአማርኛ መናገር ስላቃተን አይደለም፤ ነገሩ የደረሰብን በዚያ ቋንቋ ስለሆነ ነው። ከሳምንት ስድስት ቀን በግማሽ አረብኛ፣ አንዱን ቀን በተቀላቀለ አማርኛ፤ እንደዚህ አድርገሽ አሥር ዓመት ኑሪና አፍሽን አሳዪኝ።

ቃል መቀላቀሉ ቀላሉ ነው። እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። አማርኛ ሲያስተምሩን መጀመሪያ የሚያስተምሩን «አቤት» ነው። ሲጠራ «ምን» ያለ ልጅ በኩርኩም ነው የሚባለው። እኔ አገሬ ከተመለስኩ በሦስተኛው ሌሊት እማዬ ውሃ ጠምቷት ስሜን ጠራች። ከእንቅልፌ ዘልዬ ተነስቼ ቆምኩና «ሃዲር!» አልኳት፣ በጨለማ፣ እጄን አጣምሬ። ማዳም ስትጠራኝ የምለው ነው። እማዬ ዝም አለች። ቆይታ «ምን አልሽ ልጄ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ውሃውን አምጥቼ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኳት። «ተቀመጪ እንጂ» አለችኝ። መቀመጥ እንዳለብኝ እንኳን ትዝ አላለኝም።

አንቱታም ከአፌ ጠፍቷል። የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ከአባቴ የሚበልጡ ሰው፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ መጡ። «ግባ፣ ምን ቆምክ» አልኳቸው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ንቄያቸው አይደለም። አሥር ዓመት ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቃል ስጠቀም ኖሬ «አንቱ» የሚባለው ቦታው ጠፍቶኝ ነው። ሰውየው ምንም አላሉም፤ ቡናውን ሁለተኛውን ሳይጠጡ ወጡ። በማግስቱ ሰፈሩ «ገንዘብ አጥግቧት» አለ። ጫማቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ወዲያው ይቅር አሉኝ። ሰፈሩ ግን እስካሁን ይዞታል።

የወንድሜ ሚስትም እንዲሁ። «እስቲ በሞቴ ውሃ አቀብዪኝ» ማለት ሲገባኝ «ውሃ ስጪኝ» እላለሁ። ደረቅ ነው፣ አውቃለሁ። ለእኔ የተነገረኝ ሁሉ እንደዚያ ስለነበር እኔም እንደዚያ ለመድኩ። እሷ ደግሞ «ማዳም ሆና መጣችብን» ብላ ለጎረቤት ነገረች። ከስድቡ ሁሉ እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

ገንዘብ አጥግቧት ለሚለውም መልስ አለኝ። ደሞዜ 150 ዶላር ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሊባኖስ ሊራ ሲወድቅ ዶላሩ ቀርቶ በሊራ ይከፍሉኝ ጀመር። 1,500 ሊራ ይመነዘር የነበረው 1 ዶላር በ2015 መግቢያ ከ30,000 ሊራ በላይ ሆኖ ነበር። መጨረሻ ላይ እሱንም አቆሙት። የስድስት ወር ደሞዜን ትቼ ነው የወጣሁት።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ሕገ ወጥ ናችሁ ብላ ስትመልስ ከ150,000 በላይ ሰው ነው የመጣው፤ ከወሎ የሄደው ስንቱ ነበር? እዚህ ሰፈር እንኳን «ኢቃማ»ና «ከፊል»፣ የመኖሪያ ፈቃዱና አሠሪው ማለት ነው፣ ከአፏ የማይወጣላት ሴት በየደጁ አለች። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቶ ለሚሄዱት 8ኛ ክፍል መጨረስና ሥልጠና ያስፈልጋል ተብሎ ነበር። ጥሩ ነው። ብረት ምጣድ እንዴት እንደሚታጠብ ይማሩ። ስትመለስ እናቷ ስትጠራት ምን ብላ እንደምትመልስ ግን የሚያስተምራት አይታየኝም። ስትመለስ የሚጠብቃት ሳቅ ነው።

ቅዳሜ ማታ ምግብ ሲቀርብ ሁሉም ገበታ ከበበ። እኔ ጓዳ ቆሜ፣ ከድስቱ ጥግ በጭልፋ ያገኘሁትን ስበላ ራሴን ያዝኩት። ማንም ጓዳ ግቢ አላለኝም። ማዳም ቤት የምበላው እንደዚያ ነበር፤ ሁሉም በልተው፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ እኔ ቆሜ። ዘመዶቼ ሰርግ ላይ፣ በገዛ አገሬ፣ እግሬ ብቻውን ወስዶ ጓዳ አቆመኝ። ከጎኔ ያለፈችው ሴት አይታኝ «ባራድ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። እየሳቀች።

የአክስቴ ልጅ፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አንቺ ሙሽራ ነበርሽ፣ ጓዳ የሆነውን አላየሽም፣ አልቀየምሽም። እሁድ መልሱ ላይ እመጣለሁ። ገበታ ሲቀርብ ከጠፋሁ ጓዳ ገብተሽ እጄን ይዘሽ አውጪኝ፤ አጠገብሽ ቦታ ያዢልኝ። ከአፌ አረብኛ ካመለጠኝም እንደዚያ እንደ አሜሪካው ልጅ አማርኛውን ቀስ ብለሽ አቀብዪኝ።