እርማት፦ መርፌ የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው አይገድልም

ወንድሜ፣ «ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል፤ የአገር መድኃኒት ስጡት» ያልከው ስህተት ነው። እዚህ ጅማ በየቤቱ ስለሚባል ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሐሞት ቱቦ ካንሰርም ዓይንን ቢጫ ያደርጋል። ሐሞት ወደ አንጀት ካልወረደ ሰውነት ቫይታሚን ኬን በደንብ አይመጥም፤ ደምም ቶሎ አይረጋም። ይህን የሚያስተካክለው ደግሞ ያው የምትፈሩት መርፌ፣ የቫይታሚን ኬ መርፌ ነው!

ካንሰሩ ቱቦው ውስጥ ሊደማም ይችላል። ቢጫነት፣ ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ አብረው ከመጡ ሥር መቀቀሉን ተዉትና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ተራው ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ፊት ለፊት ስለሚያይ የቱቦውን አፍ ሊስት ይችላል። ወደ ጎን የሚያየው ግን ደሙ ከቀዳዳዋ ሲንጠባጠብ ያሳያል። ሐኪሙ በዚያው መንገድ ስቴንት (የሐሞት ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ያስገባል። የተሸፈነው የብረት ስቴንት ሲከፈት የሚደማውን ግድግዳ ይጫናል፣ ሐሞቱም መውረጃ ያገኛል። ካንሰሩን አያድንም፤ ደሙን ግን ሊያቆም ይችላል። ደሙ ከአርተሪ (ከልብ ደም ከሚያመጣ የደም ሥር) ከሆነ በደም ሥር ገብቶ መድፈን ያስፈልግ ይሆናል።

አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ።