«ኖር» ብለን ከተነሳን በኋላ

ትልቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ይላል። «ኖር!» ይባላል። እንግዳውም «በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ» ብለው ያስቀምጡናል፤ ወጉ የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ልጆቼም እንዲይዙት እፈልጋለሁ። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አንድ ጥያቄ እረፍት ነስቶኛል። «ኖር» ያልናቸው ሰዎች፣ እኛ መልሰን ከተቀመጥን በኋላ፣ እንዴት ነው የሚኖሩት?

የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። አራተኛው ፎቅ ላይ 81 ዓመት የሞላቸው እናት አሉ፤ ሕንጻው በሙሉ «እማማ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ከገፉበት የመሀል ከተማ መንደር ሲነሱ ዕጣው እዚያ ላይ ጣላቸው። ከግቢው እስከ በራቸው 72 ደረጃ አለ፤ ቁጥሩን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ የሚወርዱት ለሐኪም ቤት ብቻ ነው። ዳቦ ወይም ሽንኩርት ሲፈልጉ ከበረንዳቸው በገመድ የታሰረ ፌስታል ወደ ታች ይለቃሉ። የሱቁ ልጅ ገንዘቡን ወስዶ ዕቃውን ይከትበታል፤ እሳቸው ቀስ እያሉ ይስባሉ። አንዳንድ ቀን ፌስታሉን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው የልብስ ማስጫ ሽቦ ይይዘዋል። ያን ጊዜ የሦስተኛ ፎቋን ልጅ ይጣራሉ፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከሆነች ዳቦው እስክትመጣ ድረስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይውላል።

እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲመጣ ሁላችንም ልጆቻችንን ይዘን ወደ እሳቸው እንወጣለን። ሲመርቁን «አሜን» የምንለው ከልባችን ነው። የሕንጻው ነዋሪዎች ስብሰባ ግቢው ውስጥ ሲደረግ ግን ስለ ውኃ ታንከሩ፣ ስለ መኪና ማቆሚያውና ስለ ጥበቃው ደመወዝ ስንከራከር ዋልን፤ እማማ አልነበሩም። እሳቸው መውረድ አይችሉም፤ ስብሰባውም ወደ እሳቸው አልወጣም። ቤታቸውን ምድር ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ መለወጥ እንደሚፈልጉ የሰማሁት ከወራት በኋላ፣ ለበዓል ስወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ስለ አረጋውያን ክብር ወሬ በተነሳ ቁጥር «ፈረንጅ ወላጁን መጦሪያ ቤት ይጥላል፤ እኛ ግን እንጦራለን» ስንባባል እሰማለሁ። ይህ ንግግር ያስፈራኛል፤ ራሳችንን እንዳናይ ያደርገናልና። በቋንቋችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ይመረቃል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩት አብረው እንዲሄዱ ነው። በመቅበሩ በኩል ማንም አይደርስብንም፤ እድሩ፣ ድንኳኑ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቶ አብሮ መቀመጡ፣ ሁሉም ሥርዓት አለው፤ መዝገብ፣ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥና የቅጣት ደንብ ሳይቀር። መጦሩ ግን ለየቤቱ የተተወ ነው። በብዙ ቤትም ጧሪ ሲባል ያላገባች ወይም ከባሏ የተለየች አንዲት ሴት ልጅ ማለት ነው። ወንድሞቿ ገንዘብ ሲልኩ እሷ እናቷን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ሌሊት ትነሳለች። እሷን ማን እንደሚያሳርፋት የሚጠይቅ የለም።

ጃፓኖች ሽማግሌን በማክበር ከእኛ አያንሱም። ከእ.ኤ.አ. 1966 ጀምሮ አረጋውያን የሚከበሩበት ብሔራዊ በዓል አላቸው፤ ዛሬ የሚውለው በእኛ መስከረም ውስጥ ባለ አንድ ሰኞ ነው። 100 ዓመት የሞላው ሰው ከመንግሥት የብር ጽዋ ይበረከትለታል። ስጦታው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲጀመር በአገሩ ሁሉ የነበሩት ባለ መቶ ዓመቶች 153 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ95 ሺህ በለጡ፤ ጽዋው ራሱ ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ንጹሕ ብር መሆኑ ቀርቶ በብር የተለበጠ ሆኗል። በዚሁ አገር ብቻውን ሞቶ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የሚገኘው ሰው ስለበዛ ለአሟሟቱ ስም ወጥቶለታል፤ «ኮዶኩሺ» ይሉታል፣ የብቸኝነት ሞት ማለት ነው።

ይህን ይዞ «እነሱም ጠፉ» ማለት ቀላል ነው። እኔ ልብ ያልኩት ግን ችግሩን ሲያዩ ያደረጉትን ነው። በጃፓን ባህል የታመሙ አማቶቿን የምታስታምመው ምራት ነበረች። ሥራዋን ትታ ዓመታት የምታስታምም ምራት ትመሰገናለች እንጂ አትታገዝም ነበር። ሴቶች ይህን አደባባይ አውጥተው ተከራከሩበት። እ.ኤ.አ. በ2000 የእንክብካቤ መድን ተጀመረ። ዕድሜው 40 የደረሰ ሁሉ መዋጮ ይከፍላል። 65 ካለፈ በኋላ አቅም ያነሰው ሰው ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል፤ በዚያው መጠን ተንከባካቢ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፣ ወይም መኪና መጥቶ ወደ ቀን መዋያ ወስዶ ማታ ይመልሰዋል። ብቸኝነትን አላጠፋም፤ ወጪውም እያደር ከብዷቸዋል። ነገር ግን ክብርን በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ጭኖ ከማመስገን ወጥተዋል። ቻይና በበኩሏ ልጆች ወላጆቻቸውን አዘውትረው እንዲጎበኙ የሚያዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2013 በሥራ ላይ አውላለች፤ እኔ የምመርጠው የጃፓኖቹን መንገድ ነው።

እህቴ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። በየእሑዱ አበባ ይዘው የሚመጡ ልጆችንም፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በሩ የማይንኳኳ ክፍልንም አይታለች። እኔን የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ሌሊቱን የሰው እናት ስታገላብጥ አድራ፣ ጠዋት ለእኛ እናት ትደውላለች፤ «ዛሬ ማን አጠበሽ?» ትላታለች። ቤይሩትና ጅዳ ያሉ ስንት ልጆቻችን የሌላ አገር አያቶችን እየደገፉ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እየሰጡ፣ ለገዛ እናቶቻቸው ግን ገንዘብ ብቻ መላክ ተርፏቸዋል። ሙያው ከሕዝባችን አልጠፋም። አገር ቤት ግን ሥራ ተብሎ አይከፈልበትም።

ሕጋችን ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለተቸገሩ ወላጆች ቀለብ መስጠትን ግዴታ አድርጎታል። ጡረታም አለ፤ ቃሉ ራሱ ከመጦር የወጣ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኞችንም አካትቷል። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ያረሰ ገበሬ፣ ጉሊት የቸረቸረች እናት፣ የሰው ቤት ያገለገለች ሴት ምን ጡረታ አላቸው? እማማ 30 ዓመት እንጀራ ጋግረው ሸጠዋል፤ ደብተር የላቸውም። ገጠር ውስጥ መሥራት የማይችሉ አቅመ ደካሞች በሴፍቲኔቱ በኩል ቀጥተኛ ድጋፍ ማግኘታቸው ጥሩ ጅምር ነው፤ ሊሰፋ ይገባዋል። መቄዶንያ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ብሎ ከጎዳና ያነሳቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ደግሞ፣ «እኛ እንጦራለን» የምንለው ነገር የት ላይ እንደተሰበረ ያሳዩናል። ሥራውን ሳይ አከብራለሁ፤ መዋጮ ሲጠየቅም የምንሰጠውን አያለሁ። ነገር ግን የአገር ሸክም በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ትከሻ ላይ እንዲህ ሊቀር አይገባም።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈልገውን አስቀድመን እንጀምር ብዬ ነው። ቤት ሲደለደል የዕድሜ ጉዳይ ለዕጣ አይተው። ከቤት ቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለእናቶችና ለሕፃናት የሚያደርጉትን ያህል የአረጋውያንንም በር ያንኳኩ። እድሮቻችን ለድንኳን ከሚያስቀምጡት ጥቂቱን በሕይወት ላሉት አባሎቻቸው ያውሉት፤ ይህን የጀመሩ አንዳንድ እድሮች አሉና ከእነሱ መማር ይቻላል። እናቷን ለምታስታምም ልጅ ጎረቤት በሳምንት ግማሽ ቀን ይተካላት፤ ወጥታ ፀሐይ ትሙቅ።

ባለፈው እሑድ የሕንጻው ወጣቶች እማማን በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው። በሩ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የሚያልፈው ሁሉ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸውም አንድ በአንድ ስም እየጠሩ ጠየቁ፤ ከላይ ሆነው በድምፅ ብቻ የሚያውቋቸው ልጆችም ነበሩ። ሲመሽ «ትንሽ ልቆይ» አሉ። ልጆቹ ጠበቋቸው።

የሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከእማማ በር ፊት ለፊት ባለው መተላለፊያ ይሆናል። ምድር ላይ ያለውን ቤቱን ለሱቅ ያከራየው ጎረቤታችንም እንደሚመጣ ነግሮኛል። ወንበር ይዘን እንወጣለን።