ለለንደኑ ዘውድ እያለቀስን የዘጌውን ረሳን

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴን ይዤ ዘጌ ተሻገርኩ። ከገዳማቱ በአንዱ አባ የድሮ ዘውድ ከጨርቅ ፈተው አሳዩን። ዘመዴ ሃምሳ ብር መዘዘና፣ «አባ፣ አንዴ ጭንቅላቴ ላይ ላድርገውና ፎቶ ልነሣ» አላቸው። አባ መልስ አልሰጡትም። ዘውዱን ዝም ብለው መልሰው ጠቀለሉት። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

የባሕር ዳር ልጆች፣ ይሄ ነውር ነው!

ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ስለ መቅደላ እናወራለን። ያንገበግባል፣ ልክ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ወረደ። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ሰጡት የሚባለው የወርቅ ዘውድም አብሮ ሄደ። ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። ይመለስ እንበል፣ አናቋርጥ።

ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ እዚሁ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ያሉትን ዘውዶች ያያችሁ? በጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ፈረንጁ ባሕር አቋርጦ ይመጣል። እኛ ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተን ወደ ቤት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኛ ነው መሰለኝ።

ነገሥታቱ ዘውዳቸውን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡ ነበር። ለስእለት፣ ለነፍሳቸው መታሰቢያ። አገር ሲታወክ ደግሞ ንዋየ ቅድሳቱ ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘውዱን የሚወርሰው ልዑል አይደለም። መነኩሴ ለመነኩሴ እያስረከበ ነው እዚህ የደረሰው። ልጆቻችን ይህን ከማን ይስሙት?

የጨለቆት ሥላሴን ዘውድ ደግሞ አስታውሱ። ከትግራይ ጠፍቶ የተገኘው ሆላንድ፣ ሮተርዳም ነው። እዚያ የሚኖሩት ኢትዮጵያዊ አቶ ሲራክ አስፋው ከእንግዳ ሻንጣ ውስጥ አዩትና አልለቅም አሉ። 21 ዓመት ደብቀው አቆዩት፤ የካቲት 2012 ዓ.ም. ለአገሩ ተመለሰ። እሱን ናፒየር አልወሰደውም። በእኛ ዕድሜ ነው ከአገር የወጣው።

ስለዚህ «አሮጌ መስቀል አለኝ፣ ብራና አለኝ» የሚል ሲመጣባችሁ አትግዙ። ገዢም አታገናኙ። አስጎብኚዎች፣ ያላረጋገጣችሁትን ዘውድ «የእገሌ ነው» አትበሉ፤ አባቶችን ጠይቁ። የመግቢያ ብር አትከራከሩ። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን አሻግሯቸው፤ ሲደርሱም እጃቸውን ሰብስበው በዓይናቸው ብቻ ይዩ።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቼን ይዤ ወደቡ ጋ እገኛለሁ። ጀልባው ላይ ቦታ አለ። ኑ፣ አብረን እንሻገር።