ፀሐይ ከላያችን እያለች በካርድ የምናሞቀው ውኃ

ባለፈው ዓመት ለገና ደብረ ብርሃን፣ ወላጆቼ ዘንድ፣ ሦስት ቀን ቆይተን ስንመለስ የቤታችን ቆጣሪ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ቀንሶ ጠበቀኝ። ካርዱ ከወር ወር ቶሎ ቶሎ እያለቀ ስላስቸገረኝ ከመውጣታችን በፊት ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ፣ ቴሌቪዥኑንና የስልክ ቻርጀሩን ሁሉ ከሶኬት ነቅዬ፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነበር። ሳይጠፋ የቀረው ከመታጠቢያ ቤቱ በር በላይ የተሰቀለው 80 ሊትር ቦይለር ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ሰው አንድ ጠብታ ሙቅ ውኃ ሳይቀዳ ያ ዕቃ ሙቀቱን ለባዶ ቤት ሲያፈስ፣ የጎደለውን መልሶ ሲተካ፣ እንደገና ሲያፈስ ከርሟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ዛሬ በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁትም ኅዳር ገብቶ ብርዱ ስለበረታ፣ ብሶቴም አብሮ ስለተመለሰ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላው። 1 ኪሎዋት ሰዓት 860 ሊትር ውኃን በ1 ዲግሪ ያሞቃል። በኅዳር ጠዋት ከቧንቧችን የሚወርደው ውኃ 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለገላ የሚመቸው ደግሞ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ሰው በ40 ሊትር ተረጋግቶ ቢታጠብ የሚያስፈልገው 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። የእኛ ቦይለር ግን ማንም ሳይነካው በቀን 1.8፣ በወር 54 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ይህ 49 ጊዜ ገላን ሊያስታጥብ የሚችል ሙቀት ነው፤ በየወሩ ማንም ያልታጠበው፣ እኔ ግን የከፈልኩበት 49 መታጠቢያ። ታሪፉ በእርከን የሚሰላ ስለሆነ ፍጆታችን ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ከፍ ይላል፤ በዚያ ላይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ ትናንት ችላ ሊባል ይችል የነበረው ብክነት ዛሬ ከቤት አስቤዛ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ሆኗል።

ባለሙያ አስጠርቼ ሽፋኑን ሲከፍተው ያየሁት ነገር ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ቴርሞስታቱ መጨረሻ ድረስ፣ 75 ዲግሪ ላይ ተጠምዝዟል። በታንኩና በውጪው ቆርቆሮ መካከል ሙቀት ይዞ እንዲያቆይ የተሞላው ስፖንጅ ከላይ በኩል ከሁለት ጣት ስፋት አይበልጥም። ኤለመንቱ ከጉድጓድ በሚመጣው ውኃ ጨው ተለብጦ ነጭ ድንጋይ መስሏል፤ ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀውና በየጊዜው መቀየር ያለበት የማግኒዚየም ዘንግ ደግሞ አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ዕቃው ከተሰቀለ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲሸጥ ስለ ስፖንጁ ውፍረት የተናገረ የለም፤ ሲገጠም ስለ ዘንጉ የነገረን የለም፤ ብልሽት ሲጠገን ቴርሞስታቱን ዝቅ ያደረገ የለም። ሱቅ ገብተን ስንጠይቅ የሚነገረን ስንት ሊትር እንደሚይዝና ዋጋው ብቻ ነው። አንድ ቦይለር ሞልቶ ቆሞ በቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚያባክን ሻጩም አያውቅም፣ ገዢውም አይጠይቅም። እኔም ቀደም ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በታች አላወረድኩትም፤ ለብ ብሎ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ውኃ ለሳንባ በሽታ የሚዳርግ ባክቴሪያ ሊያራባ ስለሚችል ማንም ሰው ለቁጠባ ብሎ 40 ላይ እንዲተወው አልመክርም። ታይመርም ገዝቼ አስገጥሜያለሁ። ኤለመንቱ 1,500 ዋት ስለሆነ 80 ሊትሩን ከቀዝቃዛ ለማሞቅ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲጠፋ ሞላሁት። በመጀመሪያው ወር ብቻ ከቀድሞው 37 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ተጠቀምን። ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር ታይመሩም አብሮ ይቆማል፤ ለሁለት ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እኔ ሳላየው ካደርኩ ልጆቼ ጠዋት በበረዶ ውኃ ፊታቸውን ታጥበው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ወንበር ላይ ቆሜ የታይመሩን ሰዓት ማስተካከል የቤቴ የዘወትር ሥራ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ግን የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ከበላያችን ያለው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርዳችን የሚበረታው ሁልጊዜ በክረምት አይደለም፤ በክረምት ደመናው ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነናል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ጣት የሚያደነዝዘው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ሲጠራ ነው። ሌሊቱን ያቀዘቀዘው ያው የጠራ ሰማይ በነጋታው ጣሪያችንን ያነድደዋል። በበጋ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ኃይል ያርፋል፤ ሁለት ካሬ ሜትር ሰብሳቢ ያለው የሶላር ማሞቂያ የዚህን ግማሽ ብቻ ቢይዝ እንኳ አራት ሰው የሚታጠብበት ሙቀት ይገኛል። በሌላ አነጋገር ሙቅ ውኃ አብዝተን የምንፈልግባቸው ወራት ፀሐይ አብዝታ የምትሰጥባቸው ወራት ናቸው። ይህን የመሰለ መገጣጠም የማያገኙ አገሮች ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን እያለን ካርድ እንሞላለን።

ለአከራያችን ጣሪያው ላይ የሶላር ማሞቂያ እንትከል የሚለውን ሐሳብ ሳቀርብ ግማሹን ወጪ ከኪሴ እንደማወጣ፣ ከቤቱ ብወጣም ማሞቂያው ለእርሳቸው እንደሚቀር አስረድቼ ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ኪራይ ሲጨምሩም አስቀድመው ያማክሩናል። መልሳቸው ግን «ልጄ፣ ቦይለሩ ይሠራል አይደል? የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?» የሚል ነበር። በእርሳቸው በኩል ሆኜ ሳየው እውነት አላቸው፤ ካርድ የሚሞሉት እርሳቸው አይደሉም። ቤቱን የሠራው ሌላ፣ ቦይለሩን መርጦ የገዛው ሌላ፣ በየወሩ የሚከፍለው ሌላ በሆነበት ቤት ውስጥ ብክነቱ ማንንም ከአልጋው የማይቀሰቅሰው ለዚህ ነው። ከፋዩ ሥልጣን የለውም፤ ባለሥልጣኑ አይከፍልም።

ከእርሳቸው አልፌ ወደ ሕንፃው ኮሚቴ ሄድኩ። ጣሪያው የጋራ መሆኑን አውቃለሁ፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያዎች የሁሉም ባለቤቶች መሆናቸውን ይደነግጋል፤ ስለዚህ ፈቃድ መጠየቄ ተገቢ ነው። ሆኖም የተሰጠኝ መልስ «ለአንተ ከፈቀድን ለሁሉም ልንፈቅድ ነው» የሚል ሆነ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ለሁሉም ይፈቀድ። በብሎካችን 20 አባወራ አለ። ግማሹ እንኳ እንደኔ ዓይነት ቦይለር ቀንና ሌሊት ለኩሶ ቢተው በወር 540 ኪሎዋት ሰዓት ለማንም ሳይጠቅም በግድግዳ በኩል ይወጣል። ክብደቱን እንደ ምክንያት ያነሡም ነበሩ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ 200 ሊትር የሚይዝ ማሞቂያ በውኃው ብቻ 200 ኪሎ ይመዝናልና መሐንዲስ አይቶት መቆሚያው በተሸካሚው ግድግዳ ላይ ማረፍ አለበት። ግን አሁን በዚያው ጣሪያ ላይ አንድ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዙ ሮቶዎች ተደርድረው ሲቆሙ መሐንዲስ የጠራ አልነበረም።

አክስቴ እስራኤል ስትኖር 20 ዓመት ሊሞላት ነው። ስለ ጉዳዩ ሳወራት በጣም ተገረመች፤ እርሷ ባለችበት አገር በየጣሪያው ላይ ያለውን፣ «ዱድ ሼሜሽ» የሚሉትን የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ማንም እንደ ቅንጦት አያየውም። ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣ ሕግ አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ እንዲገጠምላቸው ግዴታ ሆነ። ኤሌክትሪኩ የሚበራው ደመና በተከታታይ ሲውል ብቻ ነው። እነርሱ ክረምታቸው ዝናብና ደመና ያለበት ሆኖ ሳለ ሕግ አወጡ፤ እኛ ብርዳችን ከፀሐይ ጋር የሚመጣ ሆኖ ሳለ አዲስ ሕንፃ ሲነደፍ ለማሞቂያው የሚሆን ቧንቧ እንኳ ወደ ጣሪያ አይዘረጋም። ግንባታው ሲሠራ ሁለት ቧንቧ ጨምሮ መዘርጋት ቀላል ወጪ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግድግዳ ሰብሮ ማስገባት ግን ማንም የማይደፍረው ነው።

የሶላር ማሞቂያ ችግር የለበትም አልልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይደክማል፣ ያኔ በውስጡ ያለው ኤለመንት ማገዝ አለበት። ወደ ደቡብ ዞሮ ካልተተከለ በበጋ ብዙ ይጎድልበታል፤ በእነዚያ ወራት ፀሐይዋ በስተደቡብ አጋድላ ነው የምትሄደው። ከሁሉ በላይ ግን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመስታወት ቱቦ ያለው ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታንኩ ደርቆ ቱቦዎቹ በእኩለ ቀን ፀሐይ ግለው ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ከገባ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አንድ ጎረቤቴ ሦስት ቱቦ በአንድ ቀን ፈንድቶበት «ሶላር አይረባም» ብሎ አውርዶ ጣለው። ውኃውን ማታ ወይም ማለዳ መሙላት እንደሚገባው ገጣሚው አልነገረውም ነበር።

ብዙዎች መፍትሔ አድርገው የሚገዙት ሻወሩ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ፈጣን ማሞቂያ ነው። አከማችቶ ስለማይቆይ በእርግጥ አያባክንም። ነገር ግን 5,500 ዋት የሚስብ ዕቃ በቀጭን ሽቦ፣ ያለ መሬት ሽቦና ያለ ራሱ ብሬከር በእርጥብ ክፍል ውስጥ ሲሰቀል ማየት ያስፈራኛል፤ እባካችሁ ሽቦውን ሳታስመረምሩ ልጆቻችሁን ከሥሩ አታቁሙ።

ክፍል ስለማሞቅ ብዙ አልጽፍም፤ አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። 2,000 ዋት ሂተር በምሽት አራት ሰዓት ቢበራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ሙቀቱም በነጠላው መስታወትና በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ይወጣል። ከሂተሩ በፊት የበሩን ሥር በጎማ፣ የመስኮቱን ዳር በስፖንጅ መድፈን ይቀድማል፤ እኛ ቤት ይህ ብቻ ብዙ ለውጥ አምጥቷል። ካርድ አለቀብን ብላችሁ ግን ከሰል አቀጣጥላችሁ ወደ መኝታ ቤት አታስገቡ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በየዓመቱ በዚህ ወቅት የምንሰማው ለቅሶ ይበቃናል።

ለኮሚቴው ማመልከቻዬን ለሦስተኛ ጊዜ አስገብቻለሁ። በዚህኛው ላይ የስድስት አባወራ ፊርማ፣ የመሐንዲስ የመቆሚያ ንድፍና የቆጣሪዬን የዓመት ምዝገባ አያይዣለሁ፤ ሁለቱ ፈራሚዎች የቤት ባለቤቶች ናቸው። ለአከራያችንም አንድ ቅጂ ሰጥቻቸው «እስቲ አየዋለሁ» ብለው ተቀብለውኛል። ስብሰባው በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በብሎካችሁ ይህን ያስፈቀዳችሁ ካላችሁ ኮሚቴያችሁ በምን ቃል እንደፈቀደ እስከ ቅዳሜ ድረስ ጻፉልኝ፤ አያይዤ አቀርበዋለሁ።