እርማት፦ የብሪታንያ የእህል ቀረጥ በ1846 በአንድ ጀንበር አልቀረም

«እነ ኮብደንና ብራይት የመሩት የማንችስተሩ ፀረ እህል ሕግ ሊግ (የእህል ቀረጡን ለማስቀረት የታገለ ማኅበር) አሸነፈ፤ በ1846 ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ይጣል የነበረው ቀረጥ ተሰረዘ፤ ዳቦም ወዲያው ረከሰ» እየተባለ ይጻፋል። ዓመቱ ልክ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ ቀረጡ በአንዴ ቀረ፣ ዳቦም ወዲያው ረከሰ የሚለው ግን መታረም አለበት።

በሰኔ 1846 የጸደቀው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሮበርት ፒል ሕግ ቀረጡን ቀነሰ እንጂ ወዲያው አላነሳም። የስንዴ ዋጋ በኳርተር (218 ኪሎ ገደማ) ከ48 ሽልንግ (የዘመኑ የብሪታንያ ገንዘብ) በታች ከሆነ 10 ሽልንግ ይከፈላል፤ ዋጋው 53 ሲደርስ ቀረጡ ወደ 4 ይወርዳል። ይህ እስከ ጥር 1849 መጨረሻ እንዲቆይ ተደነገገ፤ በ1847 ግን በአየርላንዱ ረሃብ ምክንያት ለጊዜው ታገደ። ከየካቲት 1849 ጀምሮ የቀረችው 1 ሽልንግ ናት፤ እሷም የተነሳችው በ1869 ነው።

ዋጋ ሲወጣ የሚወርድ ቀረጥ አሠራሩ ራሱ ጠንቅ ነበረው። በ1828ቱ ሕግ የአገር ውስጥ ዋጋ 73 ሽልንግ ሲገባ ቀረጡ 1 ሽልንግ ብቻ ይሆናል። ነጋዴው ታዲያ ለምን ይቸኩላል? ከውጭ ያመጣውን ስንዴ ቀረጥ ሳይከፍል በጉምሩክ መጋዘን ቆልፎ ይጠብቃል፤ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ሁሉም በአንዴ ያወጣና ገበያው ይወድቃል። ገበሬውም ሸማቹም ተጎጂ ናቸው።

ዳቦስ? በ1847 ስንዴ ይባስ ተወደደ፤ በ1850 ረከሰ፤ በክራይሚያ ጦርነት (1853–56) ጊዜ እንደገና ከ70 ሽልንግ አለፈ። ዘላቂው ቅናሽ የመጣው ከ1870ዎቹ ወዲህ፣ የአሜሪካ ስንዴ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ በርካሽ መጓጓዝ ሲጀምር ነው።