ሽንኩርት ያዋጣል፤ ግን ለማን?

ባለፈው ሸዋ ሮቢት የአክስቴ ልጅ ጋ አድሬ ነበር። ማሳው ዳር የሽንኩርት ክምር ሣር ለብሶ ተቀምጧል። ሣሩን ገለጥ ሳደርገው ከሥር ያለው መብቀል ጀምሯል። «ደላላው ነገ እመጣለሁ ካለኝ ሳምንቱ ነው» አለኝ።

አምና ጎረቤቱ በሽንኩርት ቀንቶት ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ያንን ያየ ሁሉ ዘንድሮ ሽንኩርት ተከለ። መካሪውም «ሽንኩርት ያዋጣል» ሲል ነበር። አልዋሸም። ለአንዱ ያዋጣል፤ ሁሉም ሲተክለው ግን ለማንም አያዋጣም። ጤፍ ቢሆን ጎተራ ገብቶ ዋጋ ይጠብቃል። ሽንኩርት ቀን አይሰጥም።

ለእያንዳንዱ እውነት የሆነውን ለሁሉም በአንድ ላይ እውነት ነው ማለት የቆየ ስህተት ነው። አርስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ከአሳሳች ክርክሮች ተርታ አስገብቶታል። እኛ ግን መንዝን ብናይ ይበቃን ነበር። እዚያ ሴቶቹ የበግ ፀጉር በእንዝርት ይፈትላሉ። አንዷን ክር በሁለት ጣትህ ሳብ ብታደርጋት ትበጠሳለች። ተሸምና ባና ስትሆን ግን ውርጭ ትመክታለች፤ ክብደቷም ትከሻ ያጎብጣል። ታዲያ ጥንካሬው የትኛዋ ክር ውስጥ ነበር? የትኛዋም ውስጥ አልነበረም። ከድርና ማጉ መጠላለፍ ነው የመጣው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ይህን አይተው ይመስለኛል።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ክሮቹ በሙሉ ጥቁር ከሆኑ ባናውም ጥቁር ነው። ግልባጩም አለ፦ «ሰሜን ሸዋ ብርድ ነው» ተብሎ ጋቢ ደርቦ የመጣ እንግዳ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ላቡን ይጠርጋል።

እና ትርፍ እንደ ክሩ ቀለም ነው ወይስ እንደ ባናው ጥንካሬ? የጎረቤትየው ትርፍ ከገዛ ማሳው ብቻ አልመጣም። ሌላው ሰው ሽንኩርት ባለመትከሉም ጭምር የመጣ ነው። ይህን ሳይነግሩ «ያዋጣል» ማለት ግማሽ ምክር ነው። መካሪው በየጓሮው ስንት መደብ ችግኝ እንደፈላ ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ምን ነበረበት?

ልሄድ ስል የአክስቴ ልጅ ሸኘኝ። ሽንኩርት በቃኝ አለ።

«ለከርሞ ማሾ ነው። ያዋጣል አሉ።»

«ማን አለህ?»

«ኧረ ሁሉም ነው የሚለው!»