ጉድጓድ ሲበላሽ «ግማሽ ግማሽ» ፍርድ አይደለም

ባሕር ዳር ግቢያቸው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ያላቸው ብዙ ናቸው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ጎረቤቱ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው እነሱ በር ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ ግቢ ጉድጓድ ሲበላሽ የሚቸገረው ሰፈሩ ነው።

የሚብሰው ግን ጥገናው ራሱ ሲበላሽ ነው። ፓምፑ ሲወጣ ገመድ ይበጠስና ከነቧንቧው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ወይም አዲሱ ፓምፕ ወር ሳይሞላው ይቃጠላል። ጠጋኙ «ጉድጓዱ ያረጀ ነው» ይላል። ባለቤቱ «አንተ ሳትነካው ይሠራ ነበር» ይላል። ሽማግሌ ይገባል። መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ «በሉ ግማሽ ግማሽ ቻሉና ታረቁ» ነው።

ሽምግልናን አከብራለሁ። ፍርድ ቤት ከመመላለስ በብዙ ይሻላል። ነገር ግን ያላጠፋ ሰው ግማሹን ሲከፍል በእርቅ ስም ተበድሏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 ላይ ሥራ ተቋራጭ በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት ግዴታ ይገባል ይላል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ጠጋኝ የሚከፈለው ስለደከመ ሳይሆን ውሃው እንዲወጣ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ደግሞ ያን ያህል አይከብድም። ውሃ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ውሃ ነው። በበጋ ውሃው ሲወርድ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ጣና አጠገባችን ስለሆነ ብቻ ጉድጓዳችን ሚያዝያም ነሐሴም እኩል አይሞላም። ጠጋኙ የውሃውን ጥልቀት ሳይለካ ፓምፑን ከሰቀለው የተቃጠለው ሞተር የእሱ ዕዳ ነው። ለክቶ፣ ውሃ ሲያልቅ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይገጠም ብሎ፣ ባለቤቱ «ይቅር፣ ተወደደ» ካለስ? ያኔ ባለቤቱ ይክፈል። የተበጠሰው ገመድ ጠጋኙ ያመጣው ከሆነ ጠጋኙ ይጠየቃል። የተበጠሰው ዝጎ የኖረ የባለቤቱ ብረት ቧንቧ ከሆነና ጠጋኙ ቀድሞ ካስጠነቀቀ ግን ጠጋኙን ማስከፈል ግፍ ነው። መብራት ከፍ ዝቅ እያለ ሞተር ሲያቃጥል ብቻ፣ ግማሽ ግማሽ ቢባል አልከራከርም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። ውል በቃልም ይጸናል፤ ማስረዳቱ ነው የሚያስቸግረው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፈቃድ ስለማይጠየቅበት ጥልቀቱ የተጻፈበት ፋይል የትም የለም። ስለዚህ ፓምፑ ከመነካቱ በፊት አንድ ወረቀት ይጻፍ፦ ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው፣ ቧንቧው በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ ፓምፑ ቢወድቅ ማን ይከፍላል። ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ጎበዝ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ከስም ማጥፋት የሚያድነው ይኸው ወረቀት ነው።

ሁሌም የሚረሳ አንድ ወጪ አለ፤ ክሎሪን። ሰው የገባበት፣ ቆሻሻ ገመድ የወረደበት ጉድጓድ በክሎሪን ሳይታከም መቀዳት የለበትም። የከተማችን መሬት ከሥሩ የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም በስንጥቁ አልፎ በቀላሉ ጉድጓዱ ይደርሳል። ከዚያ ጉድጓድ የጎረቤት ልጆችም ይጠጣሉ። ይህ ወጪ «ማን ይቻል» እየተባለ የሚንከባለል ሳይሆን፣ ጠጋኙ ዋጋ ሲናገር አብሮ የሚታሰብ ይሁን። ባለቤቱም ሲከራከር እሱን አያስቀንስ።